የቅደም ተከተል ጥያቄዎች በመግቢያ ፈተና፦ ኮዬ ፈጬ ላለች ተማሪ

ጥያቄ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ታናሽ እህቴ ኮዬ ፈጬ ሆና ለፈተና እየተዘጋጀች ነው። «ሰባት ሰዎች ተሰልፈዋል፣ እገሌ ከእገሌ ይቀድማል» የሚሉት ጥያቄዎች ሰዓቷን እየበሉባት ነው። ሐሳቧ አሜሪካ ሄዳ ሕግ መማር ነው፤ የአገር ውስጡንም ትፈተናለች። ከየት ትጀምር?

መልስ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፈተናው ይለይ። የአሜሪካ ሕግ ትምህርት ቤቶች የሚቀበሉት ኤልሳት እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች የሚመጡበትን ክፍል፣ «ሎጂክ ጌምስ» የሚባለውን፣ ከኦገስት 2024 ጀምሮ አውጥቶታል። ድሮ በ35 ደቂቃ አራት እንቆቅልሽ ይሰጥ ነበር። አሁን ነጥብ የሚያዝባቸው ሁለት የሎጂካል ሪዝኒንግ (አጫጭር ክርክሮችን የመመርመር) ክፍሎችና አንድ የንባብ ክፍል ናቸው። የቆየ መጽሐፍ ከሰው ተውሳ ከሆነ «ሎጂክ ጌምስ» የሚለውን ምዕራፍ ለኤልሳት ብላ እንዳትደክምበት። ለአገር ውስጡ የአፕቲትዩድ ፈተና ግን ያው ምዕራፍ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ እንቆቅልሾቹ በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው።

ሌላ መልስ፦
አሠራሩን በምሳሌ ላሳይ። አንድ የውሃ ቦቴ በአንድ ቀን ሰባት ቦታ ውሃ ያደርሳል፦ አያት፣ ቡራዩ፣ ገላን፣ ኮዬ ፈጬ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቱሉ ዲምቱ። ገላን ከቱሉ ዲምቱ ይቀድማል። ሰበታ ከቱሉ ዲምቱም ከለገጣፎም በኋላ ነው። ቡራዩ አያትን ወዲያው ይቀድማል። አያት ከሰበታ ይቀድማል። ኮዬ ፈጬ ወይ 1ኛ ወይ 7ኛ ነው።

እህትህ ሰፈሮቹን ስለምታውቃቸው መንገዱን በሐሳቧ እንዳትከተል። ገላን ለቱሉ ዲምቱ ቅርብ መሆኑ እዚህ ምንም አይሠራም፤ ያለው የተሰጠው ሕግ ብቻ ነው።

ወረቀቱ ላይ ሰባት አጫጭር መስመር ታስምር። ስሞቹን በመጀመሪያ ፊደላቸው ትጻፍ፦ አ፣ ቡ፣ ገ፣ ኮ፣ ለ፣ ሰ፣ ቱ። ሁለት ስሞች በአንድ ፊደል ቢጀምሩ ለአንዱ ሁለት ፊደል ትጠቀም። «ይቀድማል» ለሚለው ሰረዝ፣ «ወዲያው ይቀድማል» ለሚለው ሳጥን። ብዙ ተማሪ እነዚህን ሁለቱን በአንድ ምልክት ይጽፍና ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ይምታታበታል።

አሁን ሕጎቹን አንድ በአንድ መተው ሳይሆን ማያያዝ ነው፦ ገ—ቱ—ሰ፣ ለ—ሰ፣ [ቡአ]—ሰ። ከሰ ፊት ስንት አሉ? ገ፣ ቱ፣ ለ፣ ቡ፣ አ፤ አምስት። ስለዚህ ሰበታ ከ6ኛ በፊት አይመጣም። ኮ ደግሞ ዳር ላይ ስለሆነ ያለን ሁለት ረድፍ ብቻ ነው፦

ኮ _ _ _ _ _ ሰ
_ _ _ _ _ ሰ ኮ

በየረድፉ ባዶ በቀሩት አምስት ቦታዎች ሳጥኑ፣ ለ፣ ገ እና ቱ ይገባሉ፤ ገ ከቱ መቅደሙ ብቻ ይጠበቃል። በየረድፉ 12፣ በድምሩ 24 አደራደር ይሆናል። 24ቱን መጻፍ ጊዜ ማቃጠል ነው፤ ሁለቱ ረድፎች ይበቃሉ። ጥያቄ ሳይከፈት የሚታወቅም አለ፦ መጨረሻ የሚሆነው ኮ ወይም ሰ ብቻ ነው፤ ቱ፣ አ እና ሰ ፈጽሞ 1ኛ አይሆኑም።

«ቱሉ ዲምቱ 3ኛ ከሆነ ለገጣፎ ስንተኛ ሊሆን አይችልም?» ቢል፣ በላይኛው ረድፍ ገ ከቱ በፊት ያለችውን ብቸኛ ባዶ ቦታ፣ 2ኛዋን፣ ይይዛል። ለ እና ሳጥኑ 4፣ 5 እና 6ን ይካፈላሉ፤ ሳጥኑ ስለማይከፈል ለ ወይ 4ኛ ወይ 6ኛ ነው። በታችኛው ረድፍ ከቱ በፊት ያሉት ሁለት ቦታዎች ናቸው። አንዱን ገ ይወስዳል፣ በቀረው አንድ ቦታ ሳጥን አይገባም፤ ስለዚህ ለ እዚያ ይገባል፣ ሳጥኑ 4ኛና 5ኛ ላይ ያርፋል። ለገጣፎ 1፣ 2፣ 4 ወይም 6 ሊሆን ይችላል፤ 5ኛ አይሆንም።

ይህን «ከሆነ» ዋናው ሥዕል ላይ ጽፋ ለሚቀጥለው ጥያቄ እንዳታስቀረው፤ ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው። ለእያንዳንዱ «ከሆነ» ከጎን አዲስ ትንሽ ረድፍ ትሥራ። አሮጌዎቹንም አትሰርዛቸው። «ሊሆን ይችላል?» ለሚል አጠቃላይ ጥያቄ ቀድሞ የወጣ አንድ ትክክለኛ ረድፍ ማስረጃ ይሆናታል። ስለዚህም አጠቃላዮቹን ወደ መጨረሻ ትተዋቸው። «የትኛው ዝርዝር ሊሆን ይችላል?» የሚለውን ግን መጀመሪያ ትሥራው፤ አንድ ሕግ ይዛ አምስቱንም ምርጫ ታይበታለች፣ ያፈረሰውን ትሰርዛለች፣ ወደ ቀጣዩ ሕግ ታልፋለች።

ሌላ መልስ፦
ከላይ የተጻፈው ልክ ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቃላቱ ላይ ልጨምር። «አንለስ» ሲመጣ «ካልሆነ» ብላ ታንብበው። «ገላን 1ኛ ነው፣ አንለስ ለገጣፎ 2ኛ» ማለት ለገጣፎ 2ኛ ካልሆነ ገላን የግድ 1ኛ ነው ማለት ነው። ለገጣፎ 2ኛ ሲሆን ገላን 1ኛ እንዳይሆን አይከለክልም። በሁለት ስሞች መካከል «አት ሊስት ቱ» (ቢያንስ ሁለት) አሉ ሲባል የሚቆጠሩት በመካከል ያሉት ብቻ ናቸው፤ አንዱ 1ኛ ከሆነ ሌላው ከ4ኛ ጀምሮ ነው፣ 3ኛ ብላ እንዳትጽፍ። ማን እንደሚቀድም ካልተነገረ በሁለቱም አቅጣጫ ትሞክር።

«ኢፍ» ያለበት ሕግ ሁለት ጊዜ ይጻፍ። «ለገጣፎ ከገላን ከቀደመ ኮዬ ፈጬ 1ኛ ነው» ቢባል ተገልብጦ፦ ኮዬ ፈጬ 7ኛ ከሆነ ገላን ከለገጣፎ ይቀድማል። «ኮዬ ፈጬ 1ኛ ስለሆነ ለገጣፎ ይቀድማል» ግን ከዚህ አይወጣም፤ ብዙ የተሳሳተ ምርጫ የሚሠራው በዚህች ነው።

ጥያቄ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰዓቱስ እንዴት ይከፈል? ሳጥኑስ «ጎን ለጎን» ብቻ ቢል?

መልስ፦
በድሮው ኤልሳት ለአንድ እንቆቅልሽ 8 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ይደርስ ነበር፤ ልምምዱን በዚያ ትለካ። ከዚያ ውስጥ 3 ወይም 4 ደቂቃ ለሥዕሉና ለማያያዙ ትስጥ። ለአንድ ደቂቃ አፍጥጣ አዲስ ነገር ካልወጣላት ወደ ጥያቄው ትለፍ። መብራት ቢጠፋም ወረቀት፣ እርሳስና የእጅ ሰዓት ይበቃታል።

«ጎን ለጎን» ካለ ሳጥኑ በሁለት መልክ ይጻፋል፣ ቡአ እና አቡ። ሰበታ በሁለቱም መልክ ከሳጥኑ በኋላ ነው፤ አያት ቢቀድምና ቡራዩ ቢከተለው እንኳ በመካከላቸው ቦታ የለም። 24 የነበረው 48 ይሆናል፣ አያትም 1ኛ መሆን ይችላል። የለገጣፎው መልስ ግን አይለወጥም፤ 5ኛ አይሆንም።