ባሕሩ ሲሞቅ የኪራይ ጀልባዎች ከወደብ ይቅሩ?

አወያይ፦ በበጋ የባሕሩ ውሃ ከልክ በላይ ሲሞቅ፣ ለመዝናናት ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎችን ይዘው የሚወጡ የኪራይ ጀልባዎች በሕግ ይከልከሉ? ወይስ ውሳኔው ለካፒቴኑ ይተው?

ካፒቴኑ፦ መከልከሉን እቃወማለሁ። ውሃው መሞቁን አልክድም፤ በየቀኑ የምለካው እኔ ነኝ። ዓሣው ቅዝቃዜ ፍለጋ ወደ ጥልቁ ሲወርድ እንከተለዋለን፤ የተፈቀደልንን ያህል እንወስዳለን፣ የቀረውን እንለቃለን። የሙቀት አማቂ ጋዞች ካመጡት ትርፍ ሙቀት 90 በመቶ ያህሉ የገባው ውቅያኖስ ውስጥ ነው። ያ ሁሉ ከእኔ ሞተር ወጣ? በጋው ደግሞ የዓመት እንጀራዬ ነው።

ተመራማሪዋ፦ ካፒቴን፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ ያ «እንለቃለን» ያሉት ነው። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ የባሕር ውሃ በሊትር 7.4 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን መያዝ ይችላል፤ 30 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 6.2 ይወርዳል። የአብዛኛው ዓሣ የሰውነት ሙቀት ደግሞ ከውሃው ጋር ስለሚጨምር የሚያስፈልገው ኦክስጅን ይበዛል። አቅርቦቱ ሲያንስ ፍላጎቱ ይጨምራል ማለት ነው። በዚህ ላይ መንጠቆ ጎርሶ ይታገላል፣ ጡንቻው ይዝላል፣ ለፎቶግራፍ ተብሎ ከውሃ ይወጣል። ሲለቀቅ ጭራውን እያወዛወዘ ይሄዳል። ከሰዓታት በኋላ ቢሞት ጀልባው ላይ ያለ ሰው አያየውም።

ወደ ጥልቁ መከተሉማ ይብሳል። በ30 ሜትር ጥልቀት ያለው ግፊት ከላይ ካለው አራት እጥፍ ነው። ዓሣው ተስቦ ሲወጣ የአየር ከረጢቱ ይነፋል፤ አንዳንዴ ጨጓራው በአፉ ይወጣል። ከዚያ የሚጣለው ከሁሉም በሞቀው የላይኛው ውሃ ላይ ነው፤ መስመጥ አቅቶት ይንሳፈፋል።

ካፒቴኑ፦ ለዚያማ መሣሪያ አለው፣ እኅቴ። በ2022 ሥራ ላይ የዋለ የአሜሪካ ሕግ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሪፍ ዓሣ (በባሕር ወለል ዓለትና ኮራል ዙሪያ የሚኖር) የሚያጠምዱ ጀልባዎች ዓሣውን ወደ ጥልቁ የሚመልስ ዕቃ ወይም አየሩን የሚያስተነፍስ መርፌ እንዲይዙ አስገድዷል። እኔ ሁለቱም አሉኝ።

ተመራማሪዋ፦ ዕቃው ግፊቱን ይመልስለታል፤ ድካሙን ግን አያወርድለትም።

ሌላ ካፒቴን፦ አንድ የሙቀት ልክ ለዓሣ ሁሉ አይሠራም። ስትራይፕድ ባስ የተባለውን ቀዝቀዝ ያለ ውሃ የሚወድ ዓሣ የሚያስጨንቅ ሙቀት፣ የሞቃት ባሕር ዓሣ ለሆነው ለማሂ ማሂ ምቾት ነው። የአሜሪካዋ ግዛት ሜሪላንድ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ያደረገችውን ተመልከቱ፦ ለተከታታይ ዓመታት፣ እዚያ በጋ በሆነው በጁላይ፣ ከ16 እስከ 31 ስትራይፕድ ባስ ማጥመድን ዘጋች፤ ሌላው ዓሣ አልተነካም። በቀሩት የበጋ ቀናት ደግሞ በአየር ትንበያው መሠረት ባለ ቀለም ማሳሰቢያ ታወጣለች። ቢጫ ከሆነ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ጨርሱ፣ ቀይ ከሆነ ያን ዓሣ ተዉት ማለት ነው።

ተመራማሪዋ፦ ለየዓሣው መለየቱን እደግፋለሁ። ቀለሙ ግን ምክር ነው፤ ደንበኛው ገንዘቡን ከፍሎ ጀልባው ላይ ተቀምጦ ሳለ ምክር የሚሰማ ማን ነው?

ደንበኛ፦ እዚህ ላይ እኔ ልናዘዝ። ባለፈው በጋ ሙሉ ቀን ተከራይተን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ለእያንዳንዳችን የተፈቀደልን ቁጥር፣ ሁለት ሁለት ዓሣ፣ ሞላ። ካፒቴኑ «እንመለስ» ሲል የተቆጣሁት እኔ ነበርሁ። እስከ ቀትር ስንይዝ ስንለቅ፣ ስንይዝ ስንለቅ ዋልን። ከኋላችን ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው የተንሳፈፉትን ላለማየት ፊቴን አዞርሁ። ሁለቱን ዓሦች ወስጄ ብመለስ ኖሮ የገደልሁት ሁለት ብቻ ይሆን ነበር። እናም ካፒቴን፣ «ቁጥሩ ሲሞላ ጉዞው ያበቃል፣ ገንዘብ አይመለስም» ብለው ውሉ ላይ ቢጽፉ ምን ይጎድልብዎታል?

ካፒቴኑ፦ ደንበኛ ይጎድልብኛል! ከጎኔ የቆመው ጀልባ ያንን ካልጻፈ ሁሉም ወደ እርሱ ይሻገራል። ሁላችንንም እኩል የሚያስገድድ ከሆነ ግን ነገውኑ እፈርማለሁ።

ተመራማሪዋ፦ ሕግ ጠየቁ እኮ፣ ካፒቴን።

ካፒቴኑ፦ ቀኑን የሚያሳጥር ሕግ ነው የጠየቅሁት። ባሕሩን የሚዘጋውን አሁንም አልቀበልም።