ዳይፐር ማስጣል አቃተኝ፤ እናቴ ደግሞ ከደሴ ትስቃለች

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ከዚህ በፊት ስለ ቤት ኪራይና ስለ መንጃ ፈቃድ ጠይቄ ብዙ ረድታችሁኛል። የዛሬው ጥያቄ ትንሽ ያሳፍራል፤ ግን ቤታችንን ሁለት ወር ሙሉ ያመሰው እሱ ስለሆነ ልጻፈው።

ወንድ ልጄ ሁለት ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። ለመስከረም ያስመዘገብነው መዋዕለ ሕፃናት ዳይፐር የሚያደርግ ልጅ እንደማይቀበል ነግሮ አስፈርሞናል። እኔ የምሠራው የሌሊት ፈረቃ ነው፤ ባለቤቴ ቀን ታክሲ ያሽከረክራል። ልጁን የምንቀባበለው በር ላይ ነው ማለት ይቻላል። የተከራየነው አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ወለሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነጭ ምንጣፍ ተለጥፎበታል፤ ከቆሸሸ ስንወጣ ከማስያዣው ገንዘብ ይቆረጥብናል። ስለዚህ ማሙሽ ሱሪውን ባወለቀ ቁጥር ፎጣ ይዤ ስከተለው እውላለሁ።

ሽንቱን እንኳን ለምዷል። ፖፖው ላይ ይሸናል፣ ራሱ ያጨበጭባል፣ ራሱ ይስቃል። ያስቸገረኝ ሰገራው ነው። ሲመጣበት ከመጋረጃው ኋላ ይደበቃል፣ እግሩን ያቆላልፋል፣ ፊቱ በርበሬ ይመስላል። «ካካህ መጣ?» ስለው «የለም!» ይላል። ማታ ለእንቅልፍ ዳይፐር እስካደርግለት ጠብቆ እዚያ ላይ ይጨርሳል። ባለፈው ሳምንት ያንንም ትቶ አራት ቀን ያዘው። በመጨረሻ ሲወጣለት አለቀሰ፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ።

እናቴ ዘንድ ደሴ ደውዬ ስነግራት ሳቀች። «አንቺ እኮ በዓመት ከመንፈቅሽ ጨርቅ ጥለሻል፤ ይህ ጎረምሳ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። ሐኪሙ ደግሞ ባለፈው ቀጠሮ «አትቸኩሉ፣ ሲደርስ ያስታውቃል» ብሎናል። መስከረም ግን ማንንም አይጠብቅም። ያለፈባችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ከፍራንክፈርት፣ የሁለት ልጆች እናት፦

እህቴ፣ ምን ያሳፍራል? ሁላችንም ፎጣ ይዘን የሮጥን ነን።

እናትሽ አልዋሸችም። ግን ልጅን ከልጅ ስታወዳድር ቤቱን ረስታዋለች። ያደግንበትን አስቢው። ሕፃኑ በአንቀልባ ታዝሎ ይውላል። ሽንቱ ሲመጣ ይቁነጠነጣል፤ የእናት ጀርባ ከእሱ ቀድሞ ያውቃል። ታወርደውና በእግሮቿ መካከል ይዛ «ሽሽሽ» ትለዋለች። ካልደረሰች የምትረጥበው እሷ ስለሆነች ሰዓቱን ለማጥናት ብዙ ቀን አይፈጅባትም። መራመድ ሲጀምር ሸሚዝ ብቻ ለብሶ፣ ከወገቡ በታች ራቁቱን ግቢ ውስጥ ይለቀቃል፤ ቢሸና አፈሩ ይጠጣዋል። የሽንት ጨርቁም ሲረጥብ ቀዝቅዞ ስለሚለጠፍበት ማንም ሳይነግረው ይጠላዋል። ቤት ውስጥ ደግሞ አያት አለች፣ አክስት አለች፣ የጎረቤት ልጅ አለ። የአሁኑ ዳይፐር ሽንቱን ውጦ ቆዳውን ደረቅ ያደርገዋል፤ ልጁ መርጠቡን በምን ይወቅ? ያንን ሁሉ ሰው ተክታችሁ የምትሠሩት አንቺና ባለቤትሽ ብቻ ናችሁ፤ ያውም በፈረቃ፣ ያውም ነጭ ምንጣፍ ላይ።

እኔ የጀመርኩት በፈረንጆቹ ፋሲካ ነው። እዚህ አገር ከስቅለት ዓርብ እስከ ፋሲካ ማግስት ሰኞ ድረስ አራት ቀን ሥራ ዝግ ነው። ቀለም ቀቢዎች ወለል ላይ የሚያነጥፉትን ሰፊ ላስቲክ ገዝቼ ሳሎኑን ሸፈንኩት፤ በላዩ ላይ አሮጌ አንሶላ ጣልኩበት። ፖፖውን መሃል ላይ አስቀመጥኩና ልጄን እንደ አገር ቤቱ ሸሚዝ ብቻ አልብሼ ለቀቅሁት። የመጀመሪያው ቀን ጎርፍ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጨዋታውን ትቶ ወደ ፖፖው ሲሮጥ አየሁት።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ የምትጠቀሙበትን ቃል ለመዋዕለ ሕፃናቱ ንገሯቸው። እኛ ፖፖ የምንለው ዕቃውን ነው። በጀርመንኛ ደግሞ ፖፖ ማለት የልጅ መቀመጫ ነው። ልጄ «ፖፖ! ፖፖ!» እያለ ሲጮህ አስተማሪዋ መቀመጫው የቆሰለ መስሏት አጎንብሳ ስትመረምረው ጫማዋ ላይ ሸናባት። እናንተ ዘንድ በእንግሊዝኛ ሰገራውን ራሱን ይመስላቸዋል። ቃሉን በወረቀት ጽፈሽ ስጫቸው።

ከሲያትል፣ አባት፦

ስለ ሐኪሙ አንዲት ነገር ልጨምር። «አትቸኩሉ» የሚለው ምክር አሜሪካ ውስጥ በስፋት የታወቀው ቤሪ ብራዘልተን በሚባሉ የሕፃናት ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተሙት ጽሑፍ 1,170 ልጆችን ተከታትለው ቀን ቀን ዳይፐር የተዉበት አማካይ ዕድሜ 28.5 ወር እንደሆነ ገልጸዋል። ስለዚህ ያንቺ ልጅ ከመንገድ አልወጣም። ፓምፐርስ ገበያ የወጣው ደግሞ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1961 ነው። እኚሁ ሐኪም ካረጁ በኋላ በ1998 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ በፓምፐርስ ማስታወቂያ ላይ ቀርበው «ልጁን አታስቸኩሉት» ይሉ ነበር። ምክሩ ስህተት ነው ማለቴ አይደለም፤ እኔም በሁለቱ ልጆቼ ተከትዬዋለሁ። ግን ይህንን ለእናትሽ ንገሪያት፣ ትስቃለች።

ከሜሪላንድ፣ ነርስ፦

ሌላው ሁሉ ይቆይ፤ እኔን ያሳሰበኝ የአራት ቀኑ ነገር ነው። ልጁ አንድ ቀን ደርቆበት አሞታል፤ ስላመመው መያዝ ጀመረ። ሲይዘው ደግሞ አንጀቱ ውሃውን ይመጥጠውና የባሰ ይደርቃል። እግሩን የሚያቆላልፈው ለማውጣት ሳይሆን እንዳይወጣበት ነው። እልኸኛ መስሎሽ ከሆነ አይደለም፤ ፈርቷል። ቆይቶ ሱሪው ላይ ቀጭን ፈሳሽ ማየት ከጀመርሽም ተቅማጥ ነው ብለሽ አትደምድሚ፤ በደረቀው ዙሪያ ሾልኮ የሚወጣ ሊሆን ይችላል።

ለሐኪሙ ነገ ደውይለት። «ፖፖ እምቢ አለ» ሳይሆን «አራት ቀን ያዘው፣ ሲወጣም አመመው» በይው፤ የሚሰጥሽ መልስ ይለያል። ለልጅ የሚሆን ማለስለሻ አለ፤ መጠኑን የሚወስነው እሱ ነው። ለትልቅ ሰው የሚሸጠውንም ሆነ ከአገር ቤት የተላከልሽን መድኃኒት እንዳትሞክሪበት። ደም ካየሽ፣ ካስመለሰው ወይም ሆዱ ከተነፋ ግን ስልክ ላይ አትቆዪ፣ ይዘሽው ሂጂ።

ወተት ስንት ይጠጣል? የእኛ እናቶች ወተት ሲበዛ ደስ ይለናል። በዚህ ዕድሜ በቀን ሁለት ኩባያ ገደማ ይበቃዋል፤ ከዚያ ሲያልፍ ብዙ ልጆችን ያደርቃል፣ ምግብም ይዘጋል። ውሃ፣ ፓፓያ፣ ምስር ወጥ በእንጀራ፣ የአጃ ገንፎ ስጪው።

ፖፖ ላይ ካካ ማድረጉን ለጊዜው አታንሺበት። ዳይፐር ሲፈልግ አድርጊለት፤ ግን ሽንት ቤት ውስጥ ይሁን። እዚያ መሆኑን ሲለምድ ዳይፐሩን እንዳደረገ ፖፖው ላይ ይቀመጥ። ያንን ሲለምድ ዳይፐሩን ከሥር በመቀስ ቅደጂው። ቀልድ አይደለም፣ ብዙ እናቶች የሚያደርጉት ነው። ከቁርስና ከእራት በኋላ አምስት ደቂቃ አስቀምጪው፤ ሆድ ሲሞላ አንጀት ይነቃል። ትልቁ መቀመጫ ላይ ከሆነ ከእግሩ ሥር በርጩማ አድርጊለት። አገር ቤት ቁጢጥ ስንል ጉልበታችን ከዳሌያችን ከፍ ይላል፤ ሰውነት የሚያምጠው እንደዚያ ነው። እግሩ አየር ላይ ከተንጠለጠለ በምን ኃይል ይግፋ?

ከዱባይ፦

ጤና ይስጥልኝ። እኔ በሰው ቤት ስሠራ ስድስት ዓመቴ ነው። የማዳሜን ሦስት ልጆች ዳይፐር ያስጣልኳቸው እኔ ነኝ። የራሴን ልጅ ያስጣለቻት እናቴ ናት፣ ኮምቦልቻ፤ እኔ በስልክ ነው የሰማሁት። ስለዚህ የምነግርሽ ሁሉ በሰው ልጅ የተማርኩት ነው።

«ሽንትህ መጣ?» ብለሽ አትጠይቂው። መልሱ ሁልጊዜ «የለም» ነው። «ና እንሂድ» ብለሽ እጁን ያዢ፤ ከእንቅልፉ ሲነሳ፣ ከበላ በኋላ፣ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት። ሁለተኛው ልጅ ላይ ማዳሜ እንግዳ ሲመጣ ዳይፐር ታደርግለት ነበር፣ ምንጣፏን ፈርታ። እንግዳው ሲሄድ ሱሪ። ልጁ ግራ ገብቶት ከእንግዶቹ ፊት ዳይፐሩን አውልቆ ወረወረው። ቀን ቀን ለሽንት አንዴ ካወለቅሽ አትመልሺ። የሌሊቱን ግን ተዪው፤ ሌሊት ዝም ብሎ ዕድሜ ነው።

እዚህ በየሽንት ቤቱ ሻታፍ የሚሉት የውሃ መርጫ አለ። ሦስተኛዋ ልጅ ድምፁን ፈርታ አልገባም ብላ ነበር። እጇ ላይ አስይዤ አበባ አጠጣንበት፣ በዚያው ፍርሃቷ ቀረ። ልጅሽ ምን እንደሚፈራ አይተሻል?

ከነታንያ፣ እስራኤል፦

እዚህ ልጅ ሦስት ዓመት ሲሞላው መዋዕለ ሕፃናት የሚገባው በመስከረም 1 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ዳይፐር ማስጣል የበጋ ሥራ ነው፤ ሙቀቱ ስለሚረዳ ልጆቹ ራቁታቸውን ይውላሉ። በዕብራይስጥ ግሚላ ይሉታል፤ ጡት ማስጣልንም የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ «እንግዲያስ እንደ ጡት ነው፤ ልጁ እንደሚያዝን እወቂ» አለችኝ። ጡት ስናስጥል እሬት ቀብተን ሲያለቅስ እናባብለው የለ? ዳይፐሩን ግን ቆሻሻ ነው ብለን እንጥልበታለን። ልጄ ሁለት ዓመት አብሮት የኖረውን ነገር ራሱ እንዲሰናበት አደረግሁ፤ የተረፉትን በእጁ ይዞ ለጎረቤት ሕፃን ወስዶ ሰጠ።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ፦

ወገኖች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ለሐኪሙ ነርሷ እንዳለችኝ አድርጌ ነገርኩት። ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ዱቄት አዘዘልን፤ በሳምንቱ ለስላሳ ሆነለት። ወተቱን ስለካው በቀን ወደ አምስት ኩባያ ይጠጣ ነበር! ባለቤቴ ሲያስተኛው አንድ ጡጦ፣ እኔ ሳስነሳው አንድ ጡጦ፤ አንዳችን የሌላውን አናውቅም። አሁን ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጥፈናል፤ የጠጣውንም የሸናውንም በሰዓቱ እንጽፋለን። በር ላይ ስንቀባበል እንደ ዘበኛ «ጠጥቷል፣ ገና አልሸናም» እንባባላለን።

የሚፈራው ምን እንደሆነ ስጠየቅ ነው ያሰብኩበት። ለካስ ገበያ አዳራሽ ውስጥ ያለው ሽንት ቤት ገና ተቀምጦ ሳለ በራሱ ጊዜ ውሃ ለቆበት ደንግጦ ነበር። አሁን ስንወጣ ተለጣፊ ወረቀት በቦርሳዬ ይዤ ሰው ሲነሳ አይቶ ውሃ የሚለቀውን የመቀመጫውን ዓይን እሸፍነዋለሁ።

ዳይፐሩን መቅደድ አፍሬ ነበር፤ ግን ቀደድኩት። በሦስተኛው ቀን ከቁርስ በኋላ ተቀምጦ እያለ ጠብ ሲል ሰማ። ተነሥቶ ፖፖው ውስጥ ለረጅም ጊዜ አየና «ይህ የማን ነው?» አለኝ። የእሱ መሆኑን ስነግረው አላመነኝም። ደሴ ደውዬ በምስል አሳየኋት። እናቴ እልል ስትል ጎረቤቶቿ ምን ተገኘ ብለው መጡ።

ምንጣፉ ላይ መስኮቱ አጠገብ አንድ ቦታ ምንም ባጥበው አልለቀቀም። ረከቦቱን አስቀምጬበታለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ለገና አገር ቤት ልንሄድ ነው። ከዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ አበባ 13 ሰዓት ገደማ በረራ፣ ከዚያ ደሴ ድረስ መኪና። ለመንገዱ ዳይፐር ልመልስለት ወይስ ልድፈር?

ከዱባይ፦

አትመልሺ፣ ድፈሪ። ቅያሪ ሱሪ ለእሱ ሦስት፣ ለአንቺ አንድ ያዢ። ለአንቺ መያዙን እኔ ረስቼ አይቼዋለሁ።