የላፕቶፕ ኪቦርድ ጥቆማ፦ ኮምቦልቻ ይሠራል ወይስ ደሴ ልውጣ?

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኤችፒ 15 ነው፤ ኤ፣ ዜድ እና ታብ ጨርሶ አይሠሩም፣ ሌሎቹ ደህና ናቸው። ኪቦርዱን ላስቀይር፣ የዩኤስቢ ልግዛ ወይስ ደሴ ይዤው ልውጣ?

መልስ፣ ከደሴ፦
አብሽር ወንድሜ። ብር ከማውጣትህ በፊት ችግሩ የዊንዶውስ ይሁን የኪቦርዱ ለይ። አጥፍተህ ስታበራ ኤፍ2 ደጋግመህ ተጫን፤ የኤችፒ መመርመሪያ ይከፈታል፣ ውስጡ የኪቦርድ ቴስት አለው። እዚያ የማይሠራ ቁልፍ ፎርማት ስለተደረገ አይድንም፤ «መጀመሪያ ፎርማት እናድርገው» ካሉህ እሺ አትበል። እዚያ ከሠራ ግን የአማርኛ መጻፊያውን ዝጋና ፊልተር ኪይስ የሚባለው የዊንዶውስ ማስተካከያ በርቶ እንደሆነ እይ። የቀኝ ሺፍት 8 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ከቆየ ሊበራ ይችላል፤ ከበራ በኋላ ቁልፍ ነካ ሲያደርጉት አይጽፍም።

ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ መሞቱ ደግሞ ብዙ ይናገራል። ቁልፎች በመስመር ነው የሚያያዙት፤ አንድ መስመር ሲበጠስ ወይም ኪቦርዱን ከዋናው ሰሌዳ (ከማዘርቦርዱ) የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ሽቦ፣ ማለትም ፍላት ኬብሉ፣ ሲላላ ብዙው አብሮ ይጠፋል። አንድ ብቻ ቢሆን ቆሻሻ ወይም ከሥሩ ያለችው ጎማ ናት እል ነበር።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦
ፍላት ኬብሉን ለማየት ደሴ መውጣት አያስፈልግም፤ እጁ የረጋ የሞባይል ጠጋኝ ይበቃል። መጀመሪያ ባትሪው ይነቀል። የኬብሉ መቆለፊያ ቀጭን ፕላስቲክ ናት፤ በጥፍር ቀና ትደረጋለች፣ ኬብሉ ይወጣል፣ ጫፉ በአልኮል ይጠረጋል፣ ሳይንጋደድ እስከ መጨረሻው ገብቶ ይቆለፋል። መቆለፊያዋ ሳትነሳ ከተሳበ ትሰበራለች፤ ያኔ ሥራው የማዘርቦርድ ብየዳ ይሆናል። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮል ውሃ ስላለው ቶሎ አይደርቅም፣ ሳይበራ ይደር። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል በፍጹም፣ ያጣብቃል።

ታችፓዱ ወይም ኪቦርዱ ወደ ላይ ካበጠ ግን ባትሪው ነው የነፋው። ቻርጅ ማድረግ አቁምና እሱን አስቀይር።

መልስ፣ ከደሴ፦
ኬብሉ ደህና ሆኖ ካልሠራ ያኔ ና። ፒያሳ አካባቢ ስትጠይቅ ለመለዋወጫ የተፈቱ ያገለገሉ ላፕቶፖች ያሉትን ጥገና ቤት ምረጥ። እኔ ያገለገለ ኦሪጅናልን ከአዲስ ኮፒ አስበልጣለሁ፤ ልኩ ይገጥማል፣ ቁልፉም አይንቀጠቀጥም። ከአውሮፓ የመጣ ከሆነ ግን የኢንተር ቁልፉን እይ፤ ወደ ላይ ቆሞ ሁለት ረድፍ የያዘ ከሆነ አቀማመጡ ከአሜሪካው ይለያል፣ አንተ ዘንድ ያለው ክፈፍ ላይም አይገባም።

ያንተ ዓይነት ኤችፒ ላይ ብዙ ጊዜ ኪቦርዱ ከላይኛው ሽፋን ጋር በቀለጡ የፕላስቲክ እግሮች ተጣብቋል፤ እንደ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ ላፕቶፖች ለብቻው አይነሳም። ወይ ሽፋኑ ከነኪቦርዱ ይቀየራል፣ ወይ እግሮቹ ተቆርጠው አዲሱ በማጣበቂያ ይያዛል። ሁለተኛው ይረክሳል፤ በደንብ ካልተያዘ ግን መሐሉ ሲጽፉ ይሰምጣል። የሁለቱንም ዋጋ ጠይቅ።

ከአዲስ አበባ የምታስመጣ ከሆነ የሞዴሉን ስም ብቻ አትላክ፤ ከኪቦርዱ ጀርባ ያለውን የፓርት ቁጥር ፎቶ አንስተህ ላክ። አንድ ሞዴል መብራት ያለውም የሌለውም ኪቦርድ ይኖረዋል፤ መብራት ያለው ሁለተኛ ቀጭን ኬብል አለው።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦
ለጊዜው የዩኤስቢ ኪቦርድ ጥሩ ነው፣ በተለይ ቢሮ ለሚቀመጥ ላፕቶፕ። ግን ያንተ ቁልፍ የሞተ ነው እንጂ ተጭኖ የቀረ አይደለም። ተጭኖ ቀርቶ «ኤኤኤኤ» እያለ የሚጽፍ ቢሆን የዩኤስቢው ብቻውን አይረዳም፤ የውስጡ ኬብል መነቀል አለበት። ከመንቀልህ በፊት ማብሪያው ኪቦርዱ ላይ እንዳይሆን እይ፤ ከሆነ ነቅለህ ስታበቃ ማብራት አትችልም።

ምንም ሳትገዛ መቆየት ከፈለግህ ሻርፕኪይስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም የማትጠቀምበትን ቁልፍ፣ ለምሳሌ ካፕስ ሎክን፣ ኤ ያደርግልሃል። ሪስታርት ካደረግህ በኋላ የይለፍ ቃል መጻፊያው ላይም ይሠራል።

መልስ፣ ከደሴ፦
ካስቀየርክ ከመክፈልህ በፊት እያንዳንዱን ቁልፍ እዚያው ጻፍ፣ ሁለቱንም ሺፍት ጨምሮ። ዋስትናውን ከነቀኑ ደረሰኙ ላይ አስጽፍ፤ አሮጌውንም ኪቦርድ ይዘህ ሂድ፣ ጎማዎቹና መያዣዎቹ ለሌላ ጊዜ ይሆናሉ።