ለግሪንላንድኛ አዲስ ቃል፦ በቅጥያ ይፈጠር ወይስ ከዴንማርክኛ ይዋስ?

አወያይ፦ በግሪንላንድ በ2009 እ.ኤ.አ. የራስ አስተዳደር ሕግ ግሪንላንድኛ ብቸኛው ይፋዊ ቋንቋ ሆኗል። ለአዲስ ነገር የሚወጣውን ስም የሚያጸድቀው ኦቃሲሊዮርቱት የተባለው የቋንቋ ኮሚቴ ነው። ስሙ ከቋንቋው ቅጥያ ይሠራ ወይስ የዴንማርክኛው ይወሰድ?

ሰዋስው ወዳድ፦ ይሠራ እንጂ! ከቃሉ ኋላ የሚጨመረው ድኅረ ቅጥያ ከ400 በላይ ነው። «-ፊክ»ን ብቻ እንይ፤ ድርጊቱ የሚፈጸምበትን ቦታ ይሰይማል። «አቱዋር-» ማንበብ ነው፣ «አቱዋርፊክ» ትምህርት ቤት። «ሚት-» ማረፍ ነው፤ «-ታር-» የዘወትር ድርጊት ያደርገዋል፤ «ሚታርፊክ» አውሮፕላን ማረፊያ። እኛም «ማረፊያ» ያልነው በዚሁ ስሌት ነው፤ እኛ ግንዱን (የቃሉን መሠረት) ከፊትም ከኋላም እንይዘዋለን፣ እነሱ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ከኋላ ይደረድራሉ።

ተርጓሚው፦ ሲነገር ቀላል ነው። «-ፊክ» ግን እንደ ግንዱ መጨረሻ ይለዋወጣል። ከ«ር» በኋላ እንዳለ ይቀመጣል። «ናፓርሲማ-» (መታመም) ላይ ሲመጣ «ናፓርሲማቪክ» ይላል፣ ሆስፒታል ማለት ነው። በ«ኦቃሉፖቅ» (ይናገራል) ግንድ ላይ ደግሞ የግንዱ የመጨረሻ ተነባቢ ከ«ፍ» ጋር ተዋሕዶ «ፊ» ይጠብቃል፦ «ኦቃሉፊክ»፣ ቤተ ክርስቲያን። በፊደላችን ማጥበቁ አይታይም፤ እነሱ ግን ኤፍን ሁለት ጊዜ ይጽፋሉ፣ አንዷን የዘለለ ተማሪ ተሳስቷል። ትርጉሙስ? «ቲሚሳርቶቅ» ቃል በቃል «ዘወትር የሚበር» ነው። ወፍ ሊሆን በተገባ፤ ግን አውሮፕላን ነው። በቃል የሚጠና ከሆነ «ቢሊ» (መኪና) እና «ባንኪ» ምን ጎደላቸው?

ሰዋስው ወዳድ፦ የተለዋወጠው ድምፁ እንጂ ሥርዓቱ አይደለም። «ኢሉ» ቤት ነው። «ኢሎርሱዋቅ» ትልቅ ቤት፤ «ኡ» ከ«ር» እና ከ«ቅ» በፊት «ኦ» ይሆናል። «-ሊዮር-» (መሥራት) ሲጨመር «ቅ» ይወድቅና «ኢሎርሱዋሊዮርፖቅ»፣ ትልቅ ቤት ይሠራል። ኋላ የመጣው ከፊቱ ያለውን ሁሉ ይገዛል። በኑክ ከተማ በ1845 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የመምህራን ማሠልጠኛ «ኢሊኒያርፊሱዋቅ» የተባለው ለዚህ ነው፦ መማር፣ ቦታ፣ ትልቅ። ትልቅ የተባለው ቦታው ነው፣ ትምህርቱ አይደለም።

ፊደል ቆጣሪ፦ የተዋሱትም ቃል ቅጥያ እንደሚቀበል ሁለታችሁም ዘላችሁታል። «ካፊ» ላይ «-ሶር-» ገብቶ «ካፊሶርፖቅ» ቡና ይጠጣል፤ ከ«ቢሊ» «ቢለርፖቅ»፣ መኪና ይነዳል። ውሰት ቋንቋውን አላፈረሰውም። ከ12 በላይ ያለውን ቁጥር እንኳ በዴንማርክኛ ነው የሚቆጥሩት! እኔ የምለው፣ ብዙ ቅጥያ የሚሸከም ቃል ግንዱ አጭር ይሁን፣ የተዋሰም ቢሆን። ቦታና ተቋም ከሆነ «-ፊክ» ይበቃል።

ሰዋስው ወዳድ፦ «ቃራሳሲያቅ»ስ? ከ«ቃራሳቅ» (አንጎል) የተሠራ የኮምፒውተር ስም ነው፤ ረጅም ነው፣ ግን ሰው ለምዶታል።

ተርጓሚው፦ አንድ ቃል ለመደ ማለት መቶው ይለምዳል ማለት አይደለም። የማሽን መመሪያ ላይ ስሙ በየመስመሩ መድረሻውን ይቀይራል፤ «ወደ ማረፊያው» ሲባል «ሚታርፊክ» ራሱ «ክ»ን ጥሎ «ሚታርፊሙት» ነው፣ «ሙ» ጠብቆ። ግንዱን የማያውቅ ቴክኒሻን መዝገበ ቃላት ውስጥ በየትኛው ፊደል ይፈልገው?