እንቅርት ካስወጣሁ ወዲህ ድምፄ እምቢ አለኝ፣ የደረሰባችሁ አላችሁ?

ሚስ ኬጂ (ቱሉ ዲምቱ)
ሰላም እንዴት ናችሁ። ከፋሲካ በፊት እንቅርቴን በኦፕራሲዮን አስወጥቼ ነበር፣ ቁስሉ ቆንጆ ድኗል ውጤቱም ካንሰር አይደለም ተብያለሁ ተመስገን። ድምፄ ግን ንፋስ ንፋስ ሆነ፣ ጠዋት ትንሽ ይሻለዋል ከሰዓት ጭራሽ ይጠፋል፣ ኬጂ ነው የማስተምረው ፊደል ሳስቆጥር ከኋላ ያሉት ልጆች "ሚስ አልሰማንም" ይሉኛል። ደግሞ እንጀራው ገንፎው ምንም አይለኝም ውሃ ስጠጣ ግን ትን ይለኛል። የሠሩኝ ጋ ስሄድ "ይመለሳል ታገሺ" ነው፣ ጉሮሮዬን ያየው ሰው የለም። እስከ መቼ ነው የምታገሰው? እንጀራዬ እኮ ድምፄ ነው

የለገጣፎ ልጅ
አይዞሽ እህቴ። ባለቤቴም ጎርንኖባት ነበር እሷ ግን ቶሎ ለቀቃት፣ ለማደንዘዣ በጉሮሮ የገባው ቱቦ ነው ያሉን። ያንቺ ቆየ

ሲስተር ነኝ
ሚስዬ ትን የሚልሽን ነገር ቀላል አድርገሽ አትለፊው። የቱቦው መጎርነን ባብዛኛው በቀናት ቢበዛ በሳምንታት ነው የሚለቀው። ድምፅ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከእንቅርቱ ጀርባ፣ በአየር ቧንቧና በምግብ ቧንቧ መሃል ነው የሚያልፈው፣ ሲሠሩ ከተሳበ ወይ ካበጠ ያንዱ ጎን የድምፅ አውታር ይቆማል፣ ሁለቱ አልገጥም ሲሉ ንፋሱ ያመልጣል ውሃውም በዚያው ይሾልካል ትን የሚልሽ ለዚህ ሊሆን ይችላል። ነርቩ ካልተቆረጠ ብዙ ሰው በ6 ወር ውስጥ ይመለስለታል እስከ 1 ዓመት የሚቆይበትም አለ፣ ግን ሳይታዩ መጠበቅ ልክ አይደለም!! ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ በአፍንጫ ቀጭን ካሜራ አስገብቶ "ኢ በይ" እያለ ሁለቱም አውታር መንቀሳቀሱን ያያል፣ ደቂቃ ነው። ጥቁር አንበሳም ጳውሎስም ክፍሉ አለ። ከቆመ የድምፅ ልምምድ አለ፣ አውታሩን ወደ መሃል የሚገፋ መርፌም አለ። እስከዚያ ውሃ በትንሽ በትንሹ አገጭሽን ዝቅ አድርገሽ ጠጪ፣ በሹክሹክታ አታውሪ እሱም ጉሮሮ ያደክማል። ስትተነፍሺ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ከመጣ ግን በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ግቢ። ጣትሽንና ከንፈርሽን ይወርሽ ነበር?

ሶፕራኖ
የኔ ሌላ ነው፣ ሳወራ ማንም አያውቅብኝም ኳየር ላይ ግን ከፍ ያለው አልወጣ አለኝ። ዶክተሩ ከእንቅርቱ አናት በኩል የሚያልፍ ሌላ ትንሽ ነርቭ አለ አውታሩን የሚወጥረው እሱ ነው አለኝ። አሜሊታ ጋሊ ኩርቺ የምትባል የኦፔራ ዘፋኝ በ1935 ቺካጎ እንቅርቷን ተሠርታ ከፍ ያለውን ድምፅ ያጣችው በዚህ ነው እየተባለ እስከዛሬ ይነገራል። ልምምዱ ለኔ ብዙ ረድቶኛል፣ አሁን ኳየሩ ላይ አልቶ ነኝ፣ ዝቅ ያለውን የሴቶች ድምፅ ነው የምዘምረው። ድምፃችሁ ሥራችሁ የሆነ ሰዎች ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለሐኪሙ ንገሩት፣ በፊትም ታዩ። ሚስ ወገብ ላይ የሚታሰር ትንሽ ማይክ አለ ት/ቤቱን ጠይቂያቸው

ሚስ ኬጂ (ቱሉ ዲምቱ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሲስተር መጀመሪያ ሰሞን ጣቴን ይወረኝ ነበር፣ ካልሲየም አንሶሽ ነው ብለው ካልሲየም ሰጥተውኝ ለቀቀኝ። ሰኞ ሪፈር አጽፋለሁ፣ ለዳይሬክተሯም የማይኩን ነገር ነገ እነግራታለሁ። ካሜራው ያማል እንዴ?

ሲስተር ነኝ
አፍንጫሽን ቀድመው ያደነዝዙታል፣ ትንሽ ይከረክርሻል እንጂ አያምም። የኦፕራሲዮኑን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ