«ጆሮ የላትም» ተብላ የተመለሰች ልጅ፦ የሙዚቃ ፈተና ለሕፃን ምን ያደርጋል?

የሸገር እናት፦ የሰባት ዓመት ልጄን አንድ የሙዚቃ ማሰልጠኛ ላስመዘግብ ወሰድኳት። በፒያኖ ሁለት ሁለት አጭር ዜማ እያሰሙ «አንድ ነው ወይስ ይለያያል?» አሏት። ከዚያ እኔን ጠርተው «ጆሮ የላትም፣ ስዕል ይሻላታል»። ቀኑን ሙሉ ስትዘፍን የምትውል ልጅ እኮ ናት! ይሄ ፈተና ከየት የመጣ ነው?

ባለ ክራሩ፦ ከአሜሪካ ነዋ። ሲሾር የሚባል ሰው በ1919 እ.ኤ.አ. የጀመረው ጣጣ ነው። በሸክላ ድምፅ እያሰማ የቱ ይቀጥናል፣ የቱ ይረዝማል ብሎ ጠየቀና ተሰጥኦ ለካሁ አለ።

ፋ ዲዬዝ፦ ፈተናው ምን በደለ? ተሰጥኦ ይለያያል። «ሁሉም ልጅ ሙዚቀኛ ነው» የወላጅ ማጽናኛ ነው።

መምህር ከሚኒሶታ፦ እዚህ ሕፃናት ሙዚቃ አስተምራለሁ። አሜሪካዊው የሙዚቃ ትምህርት ተመራማሪ ኤድዊን ጎርደን በ1979 እ.ኤ.አ. ለትንንሽ ልጆች ያወጣው ፈተናም አንቺ እንዳልሽው ነው። ልጆቹ ገና ስለማያነቡ ስዕል ያከብባሉ። ዜማው አንድ ከሆነ ሁለት የሚስቁ ፊቶች፣ ከተለያየ አንዱ ፊት ያኮረፈ። ግን ጎርደን ልጅ መልሱበት አላለም። እስከ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ተሰጥኦ ልጁ በሚሰማው ነገር ከፍ ዝቅ ይላል ነው ያለው። ፈተናው አስተማሪው ለየትኛው ልጅ ምን እንደሚጨምር እንዲያውቅ ነው።

ባለ ክራሩ፦ በማን ቅኝት ግን? በትዝታና በአንቺሆዬ ያደገ ልጅ በፈረንጆቹ ቅኝት፣ በሜጀርና በማይነር ይለካ?

ፋ ዲዬዝ፦ የጎርደን ዘዴ ከሜጀርና ከማይነር ውጭ ያሉትን ቅኝቶች፣ ዶሪያንንም ሚክሶሊዲያንንም ያስተምራል። ደግሞ «ይለያያል» ለማለት ቅኝት ምን ያደርጋል?

ባለ ክራሩ፦ ጆሮ ቶሎ የሚይዘው የለመደውን ነዋ! አንተን በአንቺሆዬ ብንፈትንህ ይሄኔ ስዕል ትማር ነበር።

ዲያቆኑ፦ ጎርደን አዲስ ነገር ያመጣ አስመሰላችሁት። ዘዴው መጀመሪያ መስማትና ማዜም፣ ጽሕፈቱ በኋላ አይደል? ይሄማ የዜማ ቤት ሥርዓት ነው። የኔታ ያዜማሉ፣ ተማሪው ይቀበላል፣ የድጓው ምልክት ኋላ ይመጣል። ያኮረፈ ፊት ያከበበ ተማሪ አላየሁም።

ፋ ዲዬዝ፦ ዜማ ቤት አይመርጥም ልትለኝ ነው? ድምፅ እንቢ ያለው ቅኔ ቤት ይገባ የለ?

ዲያቆኑ፦ ቅኔን የትራፊ ማጠራቀሚያ አደረግከው? የማታውቀውን ባትናገር ምን አለበት!

መምህር ከሚኒሶታ፦ ወደ ልጅቷ እንመለስ እባካችሁ።

ፋ ዲዬዝ፦ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት ፈተና የለም? ያኔ ማን ጮኸ?

የሸገር እናት፦ የዩኒቨርሲቲ አመልካችና የሰባት ዓመት ሕፃን አንድ ናቸው? ማጽናኛ ማጽናኛ ትላለህ፣ ለመሆኑ ልጅ አለህ?

ፋ ዲዬዝ፦ የግል ጉዳይ ውስጥ አትግቢ።

ባለ ክራሩ፦ «የወላጅ ማጽናኛ» ብሎ የሰው ቤት የገባው ማን ነበር?

ፋ ዲዬዝ፦ ስም ጠርቻለሁ? አልጠራሁም።

ዲያቆኑ፦ የቅኔውን ነገር ሳትመልስልኝ የትም አትሄድም።