ቶሮንቶ ቤት ኪራይ ላይ ተቸግሬያለሁ፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ ከሀዋሳ ነው የምጽፈው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ለስራ ቶሮንቶ ልገባ ነው፣ ቲኬት ተቆርጧል፣ እናቴ በርበሬና ሽሮውን ፌስታል በፌስታል ላይ አድርጋ ጠቅልላ ጨርሳለች፣ እኔ ግን እስካሁን የማርፍበት ቤት የለኝም። ዳንፎርዝ መንገድ አካባቢ የሀበሻ ምግብ ቤቶች ስላሉ እዛው አንድ ቤዝመንት (ከምድር በታች ያለ ቤት) አገኘሁ፣ አከራዩ ግን የካናዳ ክሬዲት (የብድር አከፋፈል ታሪክ) ስለሌለህ የ6 ወር ቅድሚያ ላክ አለኝ፣ ቤቱን በቪዲዮ እንኳን አላሳየኝም። ቶሮንቶ ያለችበት የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ህግ ደግሞ ማስያዣ ከ1 ወር ኪራይ አይበልጥም ይላል። ሰውዬው አጭበርባሪ ነው ወይስ አዲስ ገቢ ላይ የተለመደ ነው? እዛ ያላችሁ ክሬዲት ሳይኖራችሁ በምን ተከራያችሁ፣ የስራ ውል ብቻ ይበቃል? ብሩ ወንድሜ ባጃጁን ሸጦ የሰጠኝ ነው፣ ከተበላ ሌላ የለንም። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ እስከ አርብ ካልላክህ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ብሎኛል።